ትራንስጀንደር፦ ቃሉና ከቃሉ ጀርባ ያለው ሳይንስ

አሜሪካ ውስጥ አዲስ ሐኪም ጋ የሄደ ሰው የሚሞላው ቅጽ በብዙ ቦታ ስለ ፆታ ሁለት ጥያቄ ይዟል። አንዱ ሲወለዱ የተመዘገበው ፆታዎ የቱ ነው ይላል። ሌላው ዛሬ ራስዎን የሚያውቁት ወንድ ብለው ነው፣ ሴት ብለው ነው ወይስ ሌላ ሲል ይጠይቃል። ሜሪላንድ ወይም ሚኒሶታ ያሉ ያገራችን ሰዎች ለራሳቸው ወይም ለልጃቸው ቅጹን ሲሞሉ ሁለተኛው ላይ ይቆማሉ። አንዳንዱ በስህተት የተደገመ ይመስለውና ይዘለዋል። ሌላው ልጁን ከእምነቱ ሊያወጡበት የመጡ መስሎት ይቆጣል። ጥያቄው ግን የሕክምና ጥያቄ ነው። ሁለት ሆኖ የተጻፈውም ለብዙ አሥርት ዓመታት የተካሄደ ምርምር ሁለቱ ነገሮች አንድ አለመሆናቸውን ስላሳየ ነው።

ግራ መጋባቱ የእኛ ብቻ አይደለም። በ2021 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዝና ዌልስ በሕዝብ ቆጠራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ፆታ ማንነት ጠየቁ። 262,000 ያህል ሰዎች፣ ማለትም ዕድሜያቸው 16 ከሞላቸው ነዋሪዎች 0.5 በመቶው፣ ማንነታቸው ሲወለዱ ከተመዘገበው ፆታ እንደሚለይ መለሱ። ቁጥሩ ቆይቶ ሲመረመር እንግሊዝኛ በደንብ በማይናገሩ ሰዎች ዘንድ ከፍ ብሎ ተገኘ። ከመላሾቹ አንዳንዶቹ ጥያቄውን ሳይረዱት መልሰው ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ የሀገሪቱ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤትም ቁጥሩን በጥንቃቄ ውሰዱት ሲል አስጠንቅቋል። ነገሩን በራሱ ቋንቋ አስረድቶት የማያውቅ ሰው ስለ ራሱ ተጠይቆ እንኳ በትክክል መመለስ ያቅተዋል።

በአማርኛ ስለዚህ ጉዳይ የሚነገረው ከስድብና ከሹክሹክታ እምብዛም አያልፍም። ይህ በጣም ያሳስበኛል፤ የሚሰደቡት ሰዎች በእኛም ቤት ውስጥ አሉና። ፍርዱም ክርክሩም ከመምጣቱ በፊት ቃላቱ ምን እንደሚገልጹ፣ ሳይንሱ የደረሰበትና ያልደረሰበት የቱ እንደሆነ ማወቅ ይገባናል።

ነገሩ የሚጀምረው ሦስት ነገሮችን ከመለየት ነው። የመጀመሪያው አካላዊ ፆታ ነው፤ ክሮሞሶም፣ ሆርሞንና የመራቢያ አካል። አዋላጇ ሕፃኑን አይታ ወንድ ነው ወይም ሴት ናት የምትለው ከዚህ ውስጥ ከውጭ የሚታየውን ብቻ ተመልክታ ነው። ሁለተኛው የፆታ ማንነት ይባላል፤ ሰው በውስጡ ወንድ ነኝ ወይም ሴት ነኝ ብሎ ራሱን የሚያውቅበት ዕውቀት ነው። አብዛኞቻችን ይህ ዕውቀት እንዳለን አናስተውልም፤ ከአካላችን ጋር ተስማምቶ ስለሚኖር ዕድሜ ልካችንን ሳናስበው እንኖራለን። ሦስተኛው ሰው በፍቅርና በወሲብ የሚሳበው ወደ ማን ነው የሚለው ሲሆን እሱ ፆታዊ ዝንባሌ ይባላል።

ትራንስጀንደር የሚባለው ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር ያልተስማማለት ሰው ነው። ስትወለድ ወንድ ተብላ የተመዘገበች፣ ራሷን ግን ሴት ብላ የምታውቅ ሰው ትራንስ ሴት ትባላለች። ሴት ተብሎ ተመዝግቦ ራሱን ወንድ ብሎ የሚያውቅ ደግሞ ትራንስ ወንድ ነው። ወንድም ሴትም የሚለው መጠሪያ ሙሉ በሙሉ አይገልጸኝም የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እነሱ ራሳቸውን ነንባይነሪ ይላሉ። ማንነቱ ከተመዘገበው ፆታ ጋር የሚስማማው ብዙሃኑ ሰው ሲስጀንደር ይባላል። ይህን የመጨረሻውን ቃል እንደ ስድብ የሚሰሙት ሰዎች አሉ፤ ቃሉ ግን ከሌላው ለመለየት ብቻ የተፈጠረ መጠሪያ ነው።

ሦስተኛው ነገር፣ ፆታዊ ዝንባሌው፣ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ትራንስ ሴት ወንድ ልትወድ ትችላለች፣ ሴትም ልትወድ ትችላለች። በእኛ ሀገር ወሬ ግን ሁለቱ ተጨፍልቀው አንድ ስም ይሰጣቸዋል። ኢራንን ማየት ልዩነቱን ግልጥ ያደርገዋል። በ1980ዎቹ አያቶላ ሩሆላህ ኾሜይኒ ማርያም ኻቱን ሞልካራ ለተባለች ትራንስ ሴት ፆታን የሚያስተካክል ሕክምና የተፈቀደ ነው የሚል ሃይማኖታዊ ብይን ሰጡ። ከዚያ ወዲህ ኢራን ይህን ቀዶ ሕክምና በሕግ ፈቅዳ ታካሂዳለች። በዚያው ሀገር በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚደረግ ወሲብ እስከ ሞት ያስቀጣል። በሁለቱ ሕጎች መካከል የተያዙ፣ ትራንስ ሳይሆኑ ተመሳሳይ ፆታ የሚወዱ ሰዎች ወደ ቀዶ ሕክምናው የተገፉበት ሁኔታም ተመዝግቧል። የሁለት ነገሮች መምታታት ሰውን በቢላዋ ሥር ሊያስተኛው ይችላል።

አሁን ወደ አካሉ እንመለስ፤ የነገሩ ሥር እዚያ ነውና። ፅንስ እስከ ስድስተኛው ሳምንት ገደማ ወንድ ይሁን ሴት በአካሉ አይለይም። ክሮሞሶሙ ከተፀነሰበት ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ሰውነቱ ግን ለሁለቱም መንገድ ተዘጋጅቶ ይቆያል። የዘር ፍሬ ወይም የእንቁላል ማመንጫ ሊሆን የሚችል አንድ ዓይነት እጢ አለው። ከእጢው ጎን የወንድንም የሴትንም የውስጥ አካል ሊሠሩ የሚችሉ ሁለት ጥንድ ቱቦዎች ይገኛሉ። ዋይ ክሮሞሶም ላይ ያለው ኤስአርዋይ የተባለው ዘረመል ሥራ ሲጀምር እጢው የዘር ፍሬ ይሆናል። ይህ ዘረመል ተለይቶ የታወቀው በ1990 ለንደን ውስጥ ነው። የዘር ፍሬው ሆርሞን ማመንጨት ሲጀምር አንዱ ጥንድ ቱቦ ያድጋል፣ ሌላው ይከስማል። ፈረንሳዊው አልፍሬድ ዮስት በ1940ዎቹ በማህፀን ውስጥ ካሉ የጥንቸል ፅንሶች ይህን እጢ ሲያወጣ፣ ክሮሞሶማቸው የወንድም ቢሆን የሁሉም የመራቢያ አካል በሴት መልክ እንደሚያድግ አሳይቷል።

በዚህ መንገድ ላይ ብዙ መታጠፊያ አለ። ኤክስዋይ ክሮሞሶም ያላት፣ የዘር ፍሬዋም ቴስቶስትሮን የተባለውን የወንድ ሆርሞን የሚያመነጭ፣ ግን የሰውነቷ ሕዋሳት ሆርሞኑን መቀበል የማይችሉ ሴት አለች። ደብዳቤው ይላካል፤ ማንበብ የሚችል ተቀባይ ግን የለም። ሴት መስላ ትወለዳለች፣ ሴት ሆና ታድጋለች። ብዙውን ጊዜ ነገሩ የሚታወቀው ዕድሜዋ ደርሶ የወር አበባ ሳይመጣላት ሲቀር ነው። እንዲህ ያለ የአካል ልዩነት ይዘው የሚወለዱ ሰዎች ኢንተርሴክስ ይባላሉ። በእኛ ዘንድ የሚሰጣቸው የድሮ ስም፣ ፍናፍንት የሚለው፣ ሰውን ለማዋረድ ስለዋለ ባንጠቀምበት ይሻላል። ኢንተርሴክስና ትራንስጀንደር አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ስለ አካል ነው፣ ሁለተኛው ስለ ማንነት። አንዳቸው ስለ ሌላቸው ብዙ ያስተማሩን ግን እውነት ነው።

ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ ላስ ሳሊናስ በምትባል መንደርና በአካባቢዋ በዘር የሚወረስ አንድ እንግዳ ነገር ነበር። አንዳንድ ልጆች ሴት መስለው ይወለዱና ለአቅመ አዳም ሲደርሱ ድምፃቸው ይጎረንናል፣ ጡንቻቸው ይፈረጥማል፣ የወንድ ብልታቸውም ያድጋል። ሐኪሟ ጁሊያን ኢምፔራቶ ማክጊንሊና ባልደረቦቿ በ1974 ምክንያቱን አሳተሙ፤ ቴስቶስትሮንን ወደ ጠንካራው ዓይነት የሚለውጥ ኢንዛይም በነዚህ ልጆች ውስጥ ጎድሏል። በ1979 ባወጡት ጥናት ላይ በግልጥ እንደ ሴት ልጅ ካደጉ 18 ሰዎች 17ቱ ኋላ ራሳቸውን ወንድ ብለው ተቀብለዋል። ቀሚስ ለብሰው፣ በሴት ስም ተጠርተው አድገው ነበር፤ አስተዳደጉ ግን ማንነታቸውን አላጸናውም።

ያኔ ሳይንሱን ይመራ የነበረው አስተሳሰብ ከዚህ ጋር አይስማማም ነበር። ሕፃን ሲወለድ በፆታ ማንነቱ ያልተጻፈበት ሰሌዳ ነው፣ ወላጅ እንዳሳደገው ይሆናል የሚል እምነት ነበረ። የዚህ እምነት ዋና ሰባኪ በባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ ይሠራ የነበረው የሥነ ልቦና ሊቅ ጆን መኒ ነበር። እምነቱ በአንድ የካናዳ ቤተሰብ ላይ ያደረሰውን ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

በዊኒፔግ ከተማ የሚኖሩ ወጣት ባልና ሚስት በ1965 መንትያ ወንዶች ወለዱ። ልጆቹ ሰባት ስምንት ወር ሲሆናቸው ለመሽናት ስለተቸገሩ ይገረዙ ተባለ። በሚያዝያ 1966 ቀድሞ የገባው ብሩስ ሬይመር ነበር። በኤሌክትሪክ የሚያቃጥለው መሣሪያ ብልቱን ሊድን በማይችል ሁኔታ አቃጠለው። የሁለተኛው ግርዛት ወዲያው ተሰረዘ፤ ችግሩም ሳይገረዝ በራሱ ጊዜ ለቀቀው። ወላጆቹ ግራ ተጋብተው ከርመው አንድ ምሽት መኒን በቴሌቪዥን አዩት፣ ጻፉለት። ልጁን ሴት አድርጋችሁ አሳድጉት አላቸው። ሁለት ዓመት ሳይሞላው የዘር ፍሬው ወጣ፣ ብሬንዳ የሚል ስም ወጣለት፣ እውነቱ እንዳይነገረው ተወሰነ። ለመኒ ከዚህ የተሻለ ፈተና አይገኝም ነበር፤ አንድ ዓይነት ዘረመል ያለው ወንድም አጠገቡ እያደገ ነው። በ1972 ባሳተመው መጽሐፍ ሙከራው እንደተሳካ ጻፈ፤ የሕክምና ተማሪዎችም ለዓመታት ይህንኑ ተማሩ።

ቤት ውስጥ የነበረው ሌላ ነው። ልጁ ቀሚሱን ሊቀድ ይታገል ነበር። የወንድሙን መጫወቻ ይነጥቃል፣ ቆሞ ለመሽናት ይሞክራል፣ በትምህርት ቤት ይሰደባል፣ ጓደኛ የለውም። ሲጎረምስ ኢስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን ተሰጠው፤ ጡት ማውጣት ሲጀምር ለመደበቅ አብዝቶ በላ። ወደ ባልቲሞር ዳግመኛ ብትወስዱኝ ራሴን አጠፋለሁ አለ። በ1980 አባቱ መኪና ውስጥ እያለቀሰ እውነቱን ነገረው። ልጁ በኋላ እንደተናገረው የተሰማው እፎይታ ነበር፤ እብድ አለመሆኑን አወቀ። ዴቪድ የሚል ስም መርጦ ወንድ ሆኖ ኖረ፣ አገባ፣ የሚስቱን ልጆች አሳደገ። በ1997 ሚልተን ዳይመንድና ኪት ሲግመንድሰን እውነተኛውን ታሪክ በሕክምና መጽሔት አወጡት፤ ዴቪድም ሌላ ልጅ እንዲህ እንዳይደረግ ሲል ስሙን ለሕዝብ ገለጠ። በ2004፣ በ38 ዓመቱ፣ ራሱን አጠፋ።

ዴቪድ ትራንስጀንደር አልነበረም። ነገር ግን ሰው ሁሉ የሚነግረው ፆታና ውስጡ የሚነግረው ፆታ ሲጣሉ ምን እንደሚመስል ከሱ በላይ ያሳየ የለም። በዚያው 2004 ዊሊያም ራይነርና ጆን ጊርሃርት ያወጡት ጥናት ይህን አጠናክሮታል። ወንድ ሆነው ተፀንሰው፣ በከባድ የአካል ጉድለት ምክንያት በሕፃንነታቸው ወደ ሴትነት ከተመደቡ 14 ልጆች ስምንቱ ወንድ ነን ብለው ተገኙ። እውነተኛ ሆነን ካነበብነው ግን ሌሎቹ እንዲያ አላሉም። በካናዳም እንደ ዴቪድ በግርዛት አደጋ የደረሰባት፣ ከሰባት ወሯ ጀምሮ እንደ ሴት ያደገች ሌላ ልጅ አድጋም ራሷን ሴት ብላ እንደምትኖር በ1998 ተዘግቧል። ስለዚህ ክሮሞሶምም ሆርሞንም አስተዳደግም ለብቻቸው መልስ አይሆኑም። በእርግጥ መናገር የሚቻለው የፆታ ማንነት ወላጅ እንደፈለገ የሚቀርጸው ነገር አለመሆኑን ነው። ከዚህም የተነሳ ልጁ ትራንስ የሆነው በአስተዳደግ ጉድለት ነው፣ እናቱ አሞላቅቃው ነው የሚለው ክስ ማስረጃ የለውም።

ታዲያ ትራንስ ሰው ላይ ማንነቱ ከአካሉ ለምን ይለያል? እስካሁን የታወቀ አንድ ምክንያት የለም። ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮች ፍንጭ ይሰጣሉ። በ2012 በቤልጂየም ተመራማሪዎች መሪነት የወጣ ግምገማ ከ23 ጥንድ ተመሳሳይ መንትዮች በዘጠኙ ሁለቱም ትራንስ ሆነው አግኝቷል፤ ከሁለት እንቁላል ከተገኙ 21 ጥንድ ተመሳሳይ ፆታ ያላቸው መንትዮች ግን በአንዱም አልተገኘም። ዘረመል ድርሻ እንዳለው ያመለክታል፤ ብቻውን ቢወስን ኖሮ ግን ዘጠኝ ሳይሆን 23 መሆን ነበረበት። በ1995 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች የስድስት ትራንስ ሴቶችን አንጎል ከሞቱ በኋላ መርምረው አንድ ትንሽ ክፍል መጠኑ የሴቶችን እንደሚመስል ጽፈዋል። ጥናቱ ዓለምን አስደነቀ፤ ስድስት ሰው ግን ጥቂት ነው፣ ሴቶቹም ለዓመታት ሆርሞን ሲወስዱ የነበሩ ናቸው። አንጎልን አንስቶ ትራንስ መሆንን የሚለይ ምርመራ ዛሬም የለም። ከደም የሚገኝም የለም። የሚታወቀው ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ሲናገሩ፣ ቃላቸውም ከዓመት ዓመት ሲጸና ነው።

ቃላቱ የተወለዱት እንዲህ ያሉ ሰዎችን ከሰሙ ሐኪሞች ክፍል ውስጥ ነው። ማግኑስ ሂርሽፌልድ የተባለ ጀርመናዊ አይሁዳዊ ሐኪም በ1910 ትራንስቬስታይት ብሎ ስለጠራቸው፣ የተቃራኒ ፆታን ልብስ ስለሚለብሱ ሰዎች ወፍራም መጽሐፍ አሳተመ። በበርሊን የሴት ልብስ የለበሰ ወንድ በፖሊስ የሚያዝበት ጊዜ ስለነበር ከፖሊስ ጋር ተነጋግሮ ሰዎቹ በመረጡት ልብስ እንዲሄዱ የሚያስችል የምስክር ወረቀት አሰጣቸው። በ1919 የወሲብ ሳይንስ ተቋም ብሎ አንድ ትልቅ ቪላ ከፈተ። ዶራ ሪሽተር የምትባል፣ ቦሄሚያ ውስጥ በተራራ መንደር በ1892 ከድኻ ገበሬ ቤት የተወለደች ትራንስ ሴት ወደዚያ መጣች። ከዚያ በፊት በሴት ልብሷ ምክንያት ታስራ ታውቃለች። በተቋሙ ቤት ሠራተኛ ሆና ተቀጠረች፤ እንደሷ ያሉትን የሚቀጥር ሌላ ሰው አልነበረም። በ1922 የዘር ፍሬዋ ወጣ፣ በ1931 ደግሞ የሴት ብልት የሚሠራው ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። በሐኪሞች ተመዝግበው ከቀሩት ሁሉ የመጀመሪያዎቹ ከሚባሉት አንዱ ነው።

በግንቦት 6 ቀን 1933 የናዚ ተማሪዎች ተቋሙን ወረሩ፤ ከአራት ቀን በኋላ ቤተ መጻሕፍቱን አደባባይ ላይ አቃጠሉት። ሂርሽፌልድ ያኔ በውጭ ሀገር ነበር፤ በ1935 በስደት ኒስ ከተማ ሞተ። ዶራ በዚያ ቀን ተገድላለች ተብሎ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲጻፍ ቆየ። በቅርብ ዓመታት መዛግብት ሲፈተሹ ግን ወደ ትውልድ መንደሯ ተመልሳ በ1934 ስሟን በሕግ ወደ ዶራ እንዳስቀየረች፣ ከጦርነቱ በኋላ ባየርን ውስጥ ኖራ በ1966 በ74 ዓመቷ እንደሞተች ተገኘ። ይህን ሳነብ ደስ ብሎኛል። ትራንስ መሆን የትናንት የኢንተርኔት ፋሽን ነው የሚል ሰው ሲገጥመኝም በመጀመሪያ የምነግረው የሷን ታሪክ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ወሬው ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ክሪስቲን ዮርገንሰን የተባለች የቀድሞ ወታደር ኮፐንሃገን ሄዳ ሆርሞንና ቀዶ ሕክምና አግኝታ በታኅሣሥ 1952 የጋዜጦች ሁሉ ርዕስ ሆነች። ትራንስሴክሹዋል የሚለው ቃል በአሜሪካ በ1949 ተጽፎ ነበር፤ ሐኪሙ ሃሪ ቤንጃሚን በ1966 ባወጣው መጽሐፍ በሕክምናው ዓለም አጸናው። ትራንስጀንደር የሚለውን ጆን ኦሊቨን የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪም በ1965 ጻፈው፤ ነገሩ የወሲብ ፍላጎት ጉዳይ ስላልሆነ ወሲብን የሚያስታውሰው የቀድሞው ቃል ያሳስታል ብሎ ነው። የፆታ ማንነት የሚለውን ሐረግ ያስፋፋው ሮበርት ስቶለር የተባለ የሎስ አንጀለስ ሐኪም ሲሆን እሱም በዚሁ ዘመን ነው። እያንዳንዱ ቃል የቀደመው ያልያዘውን አንድ ነገር ለመያዝ መጣ። ዛሬ ትራንስሴክሹዋል የሚለው እያረጀ ነው፤ የሚወዱት አዛውንቶች ግን አሉ። ትራንስቬስታይት የሚለው የሂርሽፌልድ ቃል ደግሞ የሚያመለክተው ልብስን ብቻ ስለሆነ ለትራንስ ሰው ሲባል ያስቀይማል።

የበሽታ መዝገቡም አብሮ ተለውጧል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1980 ትራንስሴክሹዋሊዝም ብሎ ከአእምሮ ሕመሞች ጋር መዘገበው። በ2013 ጀንደር ዲስፎሪያ ወደሚል ተለወጠ፤ ሕክምና የሚያስፈልገው ማንነቱ ራሱ ሳይሆን ከአካሉ ጋር ባለመስማማቱ ሰውየውን የሚያሠቃየው ጭንቀት ነው ማለት ነው። ሁሉም ትራንስ ሰው ይህ ጭንቀት አይኖርበትም። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ2019 ጸድቆ በ2022 ሥራ ላይ በዋለው መዝገቡ ጉዳዩን ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶ ወደ ወሲባዊ ጤና ምዕራፍ ወሰደው። ከመዝገቡ ጨርሶ ያልወጣው የሕክምና በር እንዳይዘጋባቸው ነው። ድርጅቱ የሁሉም አባል ሀገራት ነው፤ ኢትዮጵያም አባል ናት።

ከአንዱ ፆታ ወደ ሌላው መሸጋገር ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ቀዶ ሕክምና ነው። አብዛኛው ግን ሌላ ነው፤ ስም፣ ልብስ፣ የፀጉር አያያዝ፣ መታወቂያ። ከዚያ ለአዋቂዎች ሆርሞን ሊከተል ይችላል፤ ቀዶ ሕክምናውን የሚያደርጉት ጥቂቶች ናቸው። አፀደ ሕፃናት ያለ ልጅ ላይ መድኃኒትም ቢላዋም አይደርስም። ትልቁ የዛሬ ክርክር ያለው በጉርምስና ዋዜማ ላሉ ልጆች ጉርምስናን የሚያዘገዩ መድኃኒቶችን በመስጠት ላይ ነው። በእንግሊዝ የሕፃናት ሐኪሟ ሂላሪ ካስ በሚያዝያ 2024 ባቀረበችው ሪፖርት ማስረጃው ደካማ ነው ብላ ደምድማለች፤ እንግሊዝም መድኃኒቱን ከምርምር ውጪ ማዘዝን አቁማለች። ስዊድንና ፊንላንድም ጥብቅ ገደብ አበጅተዋል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ደግሞ ሕክምናው በሐኪምና በቤተሰብ እጅ ይቆይ ሲል ተከራክሯል፤ ከሀገሪቱ ግዛቶች ከ20 የሚበልጡት ግን ከልክለውታል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በሰኔ 2025 የቴነሲን ክልከላ አጽድቋል። እኔ እዚህ ላይ ጥንቃቄው ተገቢ ነው እላለሁ፤ ልጅ የሚወስደው መድኃኒት ሁሉ ጠንካራ ጥናት ይፈልጋል። ስለ መድኃኒቱ የሚደረገውን ክርክር ሰዎቹ የሉም ለማለት መጠቀም ግን አይገባም። ካስም እንዲህ አላለችም።

በሌሎች ባህሎች ዘንድ ነገሩ ድሮም ስም ነበረው። በሕንድ ሂጅራ የሚባሉት ለብዙ መቶ ዓመታት የታወቁ ናቸው፤ የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሚያዝያ 2014 እንደ ሦስተኛ ፆታ እንዲታወቁ ፈረደላቸው። በሳሞአ ደሴቶች ፋአፋፊኔ የሚባሉ አሉ። እነዚህ ከትራንስጀንደር ጋር ልክ አንድ አይደሉም፤ እያንዳንዱ በራሱ ማኅበረሰብ ውስጥ የራሱ ቦታ አለው።

በኢትዮጵያ የወንጀል ሕጉ በ629ኛው አንቀጽ በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚፈጸም ግብረ ሥጋን ይቀጣል። ድንጋጌው ስለ ድርጊት እንጂ ሰው ራሱን ማን ብሎ ስለማወቁ አይናገርም። በጎረቤትና በዘመድ ዓይን ግን ይህ ልዩነት ቦታ የለውም፤ በአለባበሱ ወይም በአረማመዱ የተጠረጠረ ሁሉ በአንድነት ይወገራል። በልዩ ልዩ ሀገሮች የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው የሚያሳዩት ትራንስ ወጣቶች ላይ ጭንቀትና ራስን የማጥፋት ሙከራ ከሌላው እጅግ እንደሚበዛ፣ ቤተሰቡ ካልገፋው ግን አደጋው እንደሚቀንስ ነው። ማንነቱን በግድ ለማስለወጥ የሚደረግ ‘ሕክምና’ ጉዳት እንጂ ፈውስ አላመጣም፤ ታላላቆቹ የሐኪሞችና የሥነ ልቦና ማኅበራትም ይቃወሙታል።

አነጋገርን በተመለከተ የእኛ ቋንቋ አንድ ችግርና አንድ መፍትሔ አለው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሚጨነቀው ስለ ሌላ ሰው ሲያወራ ነው፤ አማርኛ ተናጋሪ ግን ፊቱ ያለውን ሰው አንተ ወይም አንቺ ሳይል ‘ና ግባ’ እንኳ ማለት አይችልም። ማለት የሚገባው ሰውየው ራሱን በሚያውቅበት ነው። ካላወቅን እርስዎ ብለን ስማቸውን እንጠይቅ። ነርስም ካርድ ክፍል ያለ ሠራተኛም ይህን ማድረግ ይችላል፤ ማንንም አያስቀይምም።

ልጃችሁ አንድ ቀን እንዲህ ያለ ነገር ይዞ ቢመጣ ጸሎቱም ጠበሉም የቤታችሁ እምነት ነው፤ ማሰርና መግረፍ ግን ይቅር። እስኪጨርስ ስሙት። ለሌላ ዘመድ ከመንገራችሁ በፊት የልጁን ፈቃድ ጠይቁ። ጭንቀቱን የሚያይለት፣ ምስጢር የሚጠብቅ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ፈልጉ። ከቤት አታስወጡት።